ጥጥ የተጠቀጠቀበት ጫማ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለች አንዲት ሴት ላውራችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ጁ አን ትባላለች። በ1906 ሻኦሺንግ በምትባል የቻይና ከተማ ተዳረች። እግሯ በልጅነቷ ተጠፍንጎ እንዳያድግ የተደረገ ነው። ሙሽራው ግን የታሰረ እግር አይወድም ተብላለች። እናም ትልቅ ጫማ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቃ መጣች ይባላል። ከተሸከሟት የሙሽራ ወንበር ስትወርድ ጫማው ወልቆ ወደቀ። ሰው ሁሉ እያየ።

ሙሽራው ሉ ሹን ነው። ከሠርጉ በኋላ በቀናት ውስጥ ይማርባት ወደነበረችው ጃፓን ተመለሰ።

ያው ሉ ሹን የቻይና አዲሱ የባህል ንቅናቄ ትልቁ ብዕር ሆነ። ንቅናቄውን ምሁሩ ቼን ዱሺዩ ሻንጋይ ላይ በ1915 በጀመረው መጽሔት ነው የምናውቀው። የንቅናቄው ሰዎች ዴሞክራሲና ሳይንስ ይግቡ፣ የጥንቱ ፈላስፋ የኮንፊሺየስ ሥርዓት ይብቃ አሉ። በ1917 ደግሞ ሁ ሺ የሚባል ሌላ ምሁር ጥንታዊውን የጽሕፈት ቋንቋ ትተን እንደምንናገረው እንጻፍ አለ። የኛን ግዕዝና አማርኛ አስቡት። በ1920 መንግሥት የአንደኛ ደረጃ መማሪያ በዚሁ በንግግሩ ቋንቋ እንዲሆን አዘዘ። ይሄ ቀላል ድል አይደለም፤ እኔም ከልቤ አደንቃቸዋለሁ።

ግን ለማን ነበር የሚጽፉት? ገበሬው ማንበብ አይችልም። ቺየን ሹዋንቶንግ የሚባለው ምሁር ጭራሽ የቻይና ፊደል ይጥፋ፣ ቋንቋውንም ለዓለም መግባቢያ ተብሎ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ እንተካው እስከማለት ደረሰ። ከዓመታት በኋላ ኮሚኒስቱ ጸሐፊ ቹ ቺዩባይ የራሳቸውን የንቅናቄውን ሰዎች አጻጻፍ የበቅሎ ቋንቋ አለው፤ ፈረስም አህያም ያልሆነ። ከውጭ አገር አረፍተ ነገርና ከድሮው ጽሑፍ የተዳቀለ፣ ለገበያ ሰው የማይገባ። ትክክል ይመስለኛል።

እኔን የሚያመኝ ግን ቤት ውስጥ ያለው ነው። ስለ ሴት ነፃነት ሲጻፍ፣ ጁ አን አማቷን እያስታመመች ቤጂንግ ተቀምጣለች። ማንበብ አትችልም። ሉ ሹን ቀለቧን አላቋረጠም፣ ይሄን መካድ አይገባም። ትዳር ግን አልነበራቸውም። እሱም በግድ ነው የተዳረው፣ አውቃለሁ። እሱ ግን ሌላ ሕይወት መጀመር ቻለ። ለእሷ መሄጃ ያሰበላት የለም።

በ1936 ሻንጋይ ውስጥ ሞተ። እሷ በ1947 ስታርፍ ከጎኑ እንዲቀብሯት ተናዛ ነበር። የተቀበረችው ቤጂንግ ነው።