አዲስ አዛዥ በጭንቅ ቀን ምን ይበል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ነሐሴ 7 ቀን 1934 ዓ.ም. ምሽት ላይ በግብፅ በረሃ ስለተደረገ ንግግር አውርተን ነበር። የጀርመኑ አዛዥ የሮሜል ጦር ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ደርሷል፤ እስክንድርያ ለመግባት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀርቶታል። የእንግሊዝ 8ኛ ጦር አዲስ አዛዥ ሞንትጎመሪ በዚያው ቀን ደርሶ የመምሪያ መኮንኖቹን ሰበሰበ። ከሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው ደውሏል፤ በቻልኩት መጠን ልመልስ።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ አንድ ጡረተኛ ወታደር፦ «የሚዋጋው ወታደሩ ነው። ለምን አስቀድሞ ለመኮንኖቹ ተናገረ?»

አባቴ፣ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ካርታ የሚያዘጋጀው፣ ነዳጅ የሚያከፋፍለው፣ መኪና የሚመድበው የመምሪያ መኮንን ነው። እሱ በልቡ ለማፈግፈግ ከተዘጋጀ መኪኖቹ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ይቆማሉ። ወታደሩ ደግሞ ያንን ያያል። ማንም ምንም ባይነግረው ይገባዋል።

የዚያን ሰሞን ሁኔታም እንደዚያ ነበር። እንግሊዞች የያዟት የሊቢያ ወደብ ቶብሩክ ሰኔ 14 ቀን ወደቀች። ከአሥር ቀን በኋላ ካይሮ ውስጥ የእንግሊዝ መሥሪያ ቤቶች ሰነዳቸውን በገፍ አቃጠሉ። ግማሹ የተለበለበ ወረቀት በከተማው ላይ ሲበተን ሕዝቡ ቆሞ ያይ ነበር። እንግሊዞች ሊወጡ ነው የሚል ወሬ ነገሠ።

ሞንትጎመሪ የጀመረው «አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም» ብሎ ነው። ከመጣ ጥቂት ሰዓት ብቻ እንደሆነው አልደበቀም። በእነሱ እምነት እንዳለው ነገራቸው። ከዚያም የማፈግፈጊያው እቅድ ሁሉ አሁኑኑ ይቃጠል አለ። ለኔ የንግግሩ ልብ ይሄ ነው። «በርቱ» ማለት ለማንም አይከብድም። ሰው ሥራው ላይ የሚያተኩረው ግን በሁለት ሐሳብ መዋለሉ ሲቀር ነው። ደ ጊንጋንድ የተባለውን መኮንን ኤታማዦር ሹም አድርጎ የእሱ ትእዛዝ የኔ ትእዛዝ ነው አለ፤ እሱን አልፎ አዛዡ ጋ መሮጥ ቀረ። ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ማጉረምረምም እንደዚሁ።

ነገሩ በቃል አላበቃም። ከእንግሊዝ አዲስ የመጣው 44ኛ ክፍለ ጦር ከኋላ ተነሥቶ ወደ ግንባር እንዲመጣ አደረገ። መምሪያውንም ከአየር ኃይሉ አጠገብ ወሰደው። ይህ ባይከተል ኖሮ ንግግሩን ማንም ዛሬ አያነሣውም ነበር።

ከመሐል ሜዳ አንድ መምህር፦ «የቀድሞውን አዛዥ ማዋረድ አይሆንም?»

በዚህ በኩል ሞንትጎመሪን አልደግፍም። ሮሜልን በሐምሌ እዚያው አላሜይን ላይ ያቆመው የቀድሞው አዛዥ አውኪንሌክ ነው። አዲሱ ሰው ግን ከተባለበት ቀን ሁለት ቀን ቀድሞ ሥልጣኑን ያዘ፤ በኋላም ስለ አውኪንሌክ የተናገረው ፍትሐዊ አልነበረም። ሰውን ለማነሣሣት የቀደመውን መርገጥ አያስፈልግም።

ከአንኮበር አንዲት እናት፦ «‹በሕይወት መቆየት ካልቻልን ሞተን እንቆይ› አለ ብለሃል። የሰው ልጅ ይዞ እንዲህ ይባላል?»

እናቴ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። ይህ ቃል በአጉል አዛዥ አፍ ሕዝብ ያስፈጃል። ሞንትጎመሪን የምመዝነው በተከታዩ ሥራው ነው። ሳንዘጋጅ አላጠቃም ብሎ በዚያው ንግግር ቃል ገባ። ነሐሴ 24 ሮሜል አላም ሃልፋ በተባለው ኮረብታ ላይ ሲመጣበት ቆሞ መለሰው፤ እየተከተለ ሰው አላስጨረሰም። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል በመስከረም አጥቃ ብሎ ሲወተውተው እምቢ አለ። ያጠቃው ጥቅምት 13 ቀን 1935 ነው። ያም ሆኖ በዚያ ውጊያ ከሱ ወገን ከ13 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል፣ ቆስሏል ወይም የት እንደደረሰ አልታወቀም። ድሉን ስናወራ ይህን መዝለል ነውር ነው።

ከሸዋ ሮቢት፣ አዲስ የጤና ጣቢያ ኃላፊ የሆነች እህት፦ «ሠራተኛው ፈርቷል። እኔስ ምን ልበል?»

እህቴ፣ አጭር ተናገሪ። የማታውቂውን አታውቂም በይ። ከዚያ ዛሬውኑ ሥራ ላይ የሚውል አንድ ውሳኔ ንገሪያቸው፤ የማታ ተራ ድልድል እንኳ ቢሆን።

ከእነዋሪ አንድ ወጣት፦ «የኛው ራስ አበበ አረጋይስ?»

ይህን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ከዚያ ወጥተው ወደ እናንተ አገር መጡ። ሞንትጎመሪ ከኋላው መንግሥት፣ ደመወዝና የጦር ፍርድ ቤት ነበረው። እሳቸው አንዱም አልነበራቸውም። ቅር ያለው የጦር አበጋዝ ሰዎቹን ይዞ ወደ ቀዬው ቢሄድ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ እየመከሩ፣ እየለመኑ፣ የተጣላ እያስታረቁ መምራት ነበረባቸው። «ማጉረምረም የለም» ቢሉ ኖሮ ማን አብሯቸው ይቀር ነበር? በጃንሆይ መመለሻ፣ በ1933፣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ብዙ ሺህ አርበኞች ይዘው አዲስ አበባ ላይ የተገኙት እንዲህ አድርገው ነው።