ከነጥብ በኋላ 16ኛዋ አሃዝ

እ... ገባ አይደል ድምፁ? እሺ። ዛሬ ስለ ጎረቤቴ ዶሮ አላወራም፣ ቃል ገብቻለሁ።

ያቺ ቡና በደረጃ የምትለየው ሶፍትዌር ተስተካከለች። መስተካከሏ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ዳታው ያው ሆኖ የረድፎቹ ቅደም ተከተል ሲቀየር ሌላ የውሳኔ ዛፍ ታወጣ ነበር፤ ዛፉ ማለት ጆንያውን በጥያቄ እየከፋፈለ ደረጃው ላይ የሚያደርስ ነው። ኮምፒውተር 0.1፣ 0.2፣ 0.3ን በዚህ ተራ ሲደምር 0.6000000000000001 ይላችኋል። ከ0.3 ጀምሮ ወደ ታች ከደመረ ግን 0.6። እኛ ጋ ናሙናው በጆንያው ክብደት ስለሚቆጠር የሚደመረው ሁሉ ክፍልፋይ ነው። እርጥበትና የእንከን ብዛት ደረጃዎቹን በመለየት እኩል ሲወጡ የዛፉን ሥር፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የምትመርጠው ያቺ ጭራ ላይ ያለች 1 ናት! እናም ልዩነቱ ከቢሊዮንኛ ካነሰ እኩል ቁጠሪያቸው፣ ሠንጠረዡ ላይ ቀድሞ የተጻፈው ኮለም ይለፍ አልናት።

ከዚያ ለእትዬ፣ ለቀማሿ፣ ሁለቱን ዛፎች አሳየኋቸው። አሮጌው ከእርጥበት ይጀምራል፣ አዲሱ ከእንከን። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«የቱ ነው ልኩ?»

«ሁለቱም፣ እትዬ።»

«ሁለቱም ልክ ከሆኑማ ምኑን አስተካከላችሁት?»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስንቴ መለስኩላቸው መሰላችሁ። «አሁን ሁሌም አንድ ዛፍ ነው የሚወጣው» እላለሁ። እውነት ነው። ግን እንከን ለምን ቀደመ? አንድ ሰው ኤክሴል ላይ መጀመሪያ ስለጻፈው! ሁለቱ ዛፎች የሚስቱት ብዛት እኩል ነው፤ የሚስቱት ጆንያ ግን አንድ አይደለም።

ሳይኪት-ለርን፣ እንዲህ ያሉ ዛፎች የሚሠራው ዝግጁ ፕሮግራም፣ እኮ በየቅርንጫፉ ኮለሞቹን በዕጣ ያደባልቃል፣ እኩል ከመጡ ዕድል ትፈርዳለች። ዶክመንቴሽኑ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሳነበው ሳቅኩ፣ ቆይቼ ግን ቀናሁባቸው።

የናን፣ ኮምፒውተር «ቁጥር አይደለም» የሚለው ውጤት፣ ችግር ይሻላል በእውነት። አንዱ ደረጃ ቅርንጫፉ ላይ ከሌለ፣ የደረጃዎቹን መደባለቅ በሎጋሪዝም ስንለካ 0 በሎግ 0 ይባዛና ናን ይወጣል። ናንን «ትበልጣለህ?» ብትሉት መልሱ ሁሌ አይደለም ነው፣ ዛፉ ዝም ብሎ ማደጉን ያቆማል። ያገኙታል፣ ያርሙታል፣ ቡና ይጠጣሉ። ይሄኛው ግን...

ሁለቱንም ዛፍ እናሳይ ይሆን? አይ፣ ገበሬው አንዱን ነጋዴው ሌላውን ይዞ ሲሟገት ማን ሊገላግል ነው። ወይ የኮለሞቹን ተራ እትዬ ራሳቸው ይወስኑ። እሱም ቢሆን ጣጣውን እሳቸው ላይ መጣል ነው። ወይስ መጀመሪያውኑም የሳቸው ነበር? እንጃ፣ እኔ...