«እናሳውቅዎታለን»

እሺ። ሰላም ናችሁ? እኔ ነኝ። ዶሮውም አለ። ዛሬ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መጮህ ጀምሯል፣ ስትሰሙት አትደንግጡ። መስኮቱን ልዘጋው ብዬ ነበር፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደስ ስላለኝ ተውኩት።

የእንቅልፉን ጉዳይ ዛሬ እናወራለን ብያችሁ ነበር። ይቅር በሉኝ፣ እሱ ይቆየን። አንድ ነገር ሆዴ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሳብሰለስለው ነው የከረምኩት።

ሳይኮሎጂ የማስተምራቸውን የቅዳሜ ፍሬሽማኖቼን ታውቋቸዋላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ የምርምር ዘዴና ሥነ ምግባር ላይ ደረስን። ይሄን ክፍል ብዙ ልጅ አይወደውም። ስለ ሕልም፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ አእምሮ ሕመም ሊሰሙ መጥተው ናሙና ምናምን ሲባሉ ፊታቸው ይወድቃል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ሁልጊዜም ሚልግራም በሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሙከራ ነው የምጀምርላቸው፣ ያነቃቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1961 ዓ.ም. በፈረንጆቹ፣ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ። የማስታወስና የመማር ጥናት ነው ተብለው ሰዎች ይመጣሉ። ስለመጡ ብቻ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፈላቸዋል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰውዬ መልስ በሳተ ቁጥር ኤሌክትሪክ ልቀቁበት ይባላሉ፣ መጠኑም ይጨምራል። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነው፣ የሚጮኸውም ሰውዬ ከአጥኚው ጋር የተነጋገረ ነው። እነሱ ግን አያውቁም። በመጀመሪያው ዙር ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ 450 ቮልት ሄዱ። እስከ መጨረሻው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት፣ እጇን አወጣች። «ሰው ያልገባውን ነገር ተስማምቶ፣ ፈቅዷል ይባላል እንዴ?» አለችኝ።

መለስኩላት። አሁን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፣ ሳያይ ጥናት አይጀመርም አልኳት። ማታለል ካለም መጨረሻ ላይ እውነቱ ለተሳታፊው ይነገራል። በፈረንጆቹ 1979 ላይ አሜሪካ ውስጥ የቤልሞንት ሪፖርት የሚባል የምርምር ሥነ ምግባር ሰነድ ወጣ፤ መርሆቹ ሦስት ናቸው፦ ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግ፣ ፍትሕ። መልሱ ትክክል ነው፣ ፈተና ላይ ብትጽፈው ታገኛለች። እኔ ግን እየመለስኩላት የማየው እሷን አልነበረም። ዘጌን ነበር የማየው።

ዳታ ኮሌክተር የነበርኩበትን በጋ ታስታውሱታላችሁ። ስለ ጀልባው አውርቼላችኋለሁ፣ ስለ ዝንጀሮዋም። ይሄኛውን ግን አልነገርኳችሁም። ለማንም አልነገርኩም።

ጥናቱ ስለ እናቶች ጭንቀትና መከፋት ነበር። ቤት ለቤት። ዘዴው በየአምስተኛው ቤት ግቡ ይላል። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ዘጌን የምታውቁ ግን ቤቶቹ እንዴት እንደሆኑ ታውቃላችሁ፣ ቡናው ውስጥ ነው ያሉት። መንገድ ዳር ተሰልፈው አይጠብቁህም። አንዱ ከቡናው ኋላ፣ አንዱ ከሎሚው ሥር፣ አንዱ ጋ ለመድረስ በሌላው ጓሮ ታልፋለህ። አምስተኛው ከየት ተቆጥሮ ነው? በቀኝ ከቆጠርክ አንድ ቤት ይደርስሃል፣ በግራ ከቆጠርክ ሌላ። እኔና ጓደኛዬ ስንት ጊዜ ቆመን ተከራክረናል! እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲመሽ አምስተኛው ቤት ቅርቡ ቤት ይሆናል። ውሻ የሌለው ቤት። ውሻ ያለው ቤት የምትኖር እናት መከፋቷ የት ተቆጠረ? ይሄ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ አንድ ቀን እመለስበታለሁ።

እሺ፣ ወደ እማማ። ሰፈራቸውን አልነግራችሁም፣ መልካቸውንም። ቢያንስ ያንን ቃል ልጠብቅ።

የቀበሌው ሰውዬ ነው ይዞን የሚዞረው። ደብዳቤ አለን፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ። ያለ እሱ ማንም በር አይከፍትልንም። እማማ ደጃፋቸው ላይ ሰሌን አንጥፈው ጌሾ ይለቅማሉ። ቅጠሉን ከእንጨቱ ይለያሉ። እጃቸው ይፈጥናል፣ እያወሩ እንኳ አያዩትም። ሰውዬው ገና ከአጥሩ «እማማ፣ የምዝገባ ልጆች ናቸው» አለ።

ሰማሁት። ምዝገባ አለ። ምዝገባ አይደለም፣ ጥናት ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለምን? ምዝገባ ሲባል ሰው ቶሎ ይቀመጣል። ከጠዋት ጀምሮ አይቼዋለሁ። ጥናት ስትል «ለምን?» ይመጣል፣ «ማን ላካችሁ?» ይመጣል፣ «ባለቤቴ ይምጣ» ይመጣል። በቀን 8 መጠይቅ ነው የሚጠበቅብኝ፣ ይሄ 7ኛዬ ነው፣ ጀልባው ደግሞ አይጠብቅም።

የፈቃድ ቅጹን አነበብኩላቸው። ሁለት ገጽ ነው። በፍጥነት አነበብኩት። «ተሳትፎዎ ሙሉ በሙሉ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሲሆን በማንኛውም ጊዜ የማቋረጥ መብትዎ የተጠበቀ ነው።» ይሄ የማን አማርኛ ነው? ለደብዳቤ ካልሆነ ማን እንዲህ ይናገራል? እሳቸው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ «እሺ ልጄ፣ እሺ» ይላሉ። ጣታቸውን ቀለም አስነካሁና ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። አውራ ጣታቸው በጌሾው አረንጓዴ ነበር፣ አሻራው ሰማያዊ ሆኖ ጠርዙ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ወጣ። ሰውዬው ምስክር ሆኖ ፈረመ።

ከዚያ ጥያቄዎቹ። ዕድሜ፣ ልጆች፣ ምናምን። ከዚያ ዘጠኙ መጡ፣ የመከፋት ጥያቄዎቹ። ባለፉት 2 ሳምንታት ውስጥ መከፋት ወይም ተስፋ መቁረጥ ምን ያህል ጊዜ ተሰምቶዎታል? በፍጹም ካሉ 0፣ በየቀኑ ካሉ 3።

እጃቸው ቆመ።

ይሄን ነው የምደጋግመው። ሲለቅሙ የነበሩት ሴትዮ እጃቸው ጌሾው ላይ ቆመ። ቀና ብለው ሰውዬውን አዩት፣ አጥሩ ጋ ስልኩን ይነካካል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ተመስገን ነው ልጄ» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ለእግዜር ምን ይሳነዋል» አሉ።

0 ጻፍኩ።

እዚህ አገር እኮ ማንም ሲጠየቅ ተመስገን ነው የሚለው። ልጁን የቀበረ ተመስገን ይላል። እናቴ ወገቧን ይዛ እያቃሰተች ተመስገን ትላለች። ተመስገን ሰላምታ ነው፣ ጸሎት ነው፣ «ሰው ፊት አትጠይቂኝ»ም ነው። ለመጠይቁ ግን 0 ነው። «ለእግዜር ምን ይሳነዋል» የሚባለው መቼ ነው? ሁሉ ሲሞላ አይደለም። ያንን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። እኔ አውቀዋለሁ። መጠይቁ አያውቅም፣ የላኩኝ ደግሞ ለመጠይቁ ነው።

የቀረውን «ትንሽ ነው የቀረን እማማ፣ 5 ደቂቃ» እያልኩ ጨረስኩት። ሳሙናውን ሰጠኋቸው። ለተሳታፊ አንድ የልብስ ሳሙና እንሰጥ ነበር፣ ስለ ጊዜያቸው። ተቀብለው አገላበጡትና ጠየቁኝ።

«ስሜ መቼ ይጠራ ይሆን?»

እዚያ ጋ ነው። መቆም፣ ቁጭ ማለት ነበረብኝ። «እማማ፣ የእርዳታ ምዝገባ አይደለም፣ ስምዎ አይጠራም፣ ከፈለጉ አሁን ልቅደደው» ማለት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰውዬው «ጀልባው!» አለ። እኔም ከአፌ ምን እንደወጣ ታውቃላችሁ?

«እናሳውቅዎታለን።»

ከየት አመጣሁት? የቢሮ ቃል ነው። ስንት ቦታ ተብሎብኛል፣ ስንት ጊዜ ስልኬን ይዤ ጠብቄበታለሁ። የሚባልበትን ስሜት አውቀዋለሁ። አንድን ሴትዮ፣ በገዛ ደጃፋቸው...

እ... ቆይ። ውሃ ልጠጣ።

እሺ። ስለ ተስኬጊም ልጆቹን አስተምሬያለሁ። በፈረንጆቹ ከ1932 እስከ 1972፣ አሜሪካ፣ አላባማ። 600 ያህል ጥቁር ወንዶች፣ 399ኙ ቂጥኝ ያለባቸው። ሕመማችሁ «መጥፎ ደም» ነው ተባሉ፣ እየታከማችሁ ነው ተባሉ። አልታከሙም። 1947 አካባቢ ፔኒሲሊን መደበኛ ሕክምና ከሆነ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም። ያንን ከአንድ መጠይቅ ጋር አላወዳድርም፣ እዚያ ሰው ሞቷል። ግን ምን እንደተሰጣቸው ሳነብ ደነገጥኩ። ምሳ፣ ነጻ ምርመራ፣ እና የቀብር ወጪ። የቀብር! እድር ማለት አይደል? አያቴ ለእድሯ ስትል ከምግቧ ቀንሳ ትከፍል ነበር። ደሃ ሰው ለቀብሩ ሲል ምን አይፈርምም? ሳሙናችን ትንሽ ናት፣ አዎ። ግን ያቺ ሳሙና እርዳታ ሲመጣም የምትመጣ ሳሙና ናት። ሴትዮዋ አልተሳሳቱም። ያዩትን ሁሉ ደምረው ትክክለኛ መልስ ላይ ነው የደረሱት። ምዝገባ ተባለ፣ ጣት ተነሣ፣ ሳሙና መጣ። ቀጥሎ ስም ይጠራል።

ደግሞ ይሉኝታ አለ። «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ።» ማን ነው ደጁ የመጣ እንግዳን አቋርጦ የሚያስወጣው? ሚልግራም ሙከራውን ከዬል አውጥቶ ብሪጅፖርት የሚባል ከተማ ተራ ቢሮ ውስጥ ሲደግመው፣ እስከ መጨረሻው የሄዱት ከ65 በመቶ ወደ 48 አካባቢ ወረዱ። የቤቱ ስም ሲቀር መታዘዙም ትንሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ለእኛ ዬላችን አጥሩ ጋ የቆመው ሰውዬ ነበር መሰለኝ። ወይ ደብዳቤው። ወይ የእኔ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ባጅ።

እና የሚልግራም ተሳታፊዎች ሲያመነቱ አጥኚው የሚላቸው አራት ነገር ነበር። የመጀመሪያው «እባክዎ ይቀጥሉ» ነው። ቅዳሜ ይሄን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ «5 ደቂቃ እማማ» የሚለው ድምፄ መጣብኝ። ግን አጥኚው ብቻ አልነበርኩም፣ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ የተቀመጠውም እኔው ነኝ። ሱፐርቫይዘሬ ማታ ማታ ይደውላል፣ «ስንት ሞላሽ?» ብቻ ነው የሚለው። አንድ ቀን እንኳ «ገባቸው ወይ?» አላለኝም። ተናድጄበት ነበር ይሄን ሰሞን፣ በጣም። ከዚያ ደግሞ እሱንም ማታ ደውሎ «ስንት ሞላ?» የሚለው ሰው እንዳለ ትዝ አለኝ። እና... እሱን ወቅሼ የትም አልደርስም። ጌሾው ላይ የቆመውን እጅ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አላየም።

ሚልግራም በኋላ መጠይቅ ልኮላቸው ነበር። 84 በመቶዎቹ በመሳተፋችን ደስ ብሎናል አሉ። ለዓመታት ይሄን ስጠቅስ ቆይቻለሁ፣ እንደ ማጽናኛ። አሁን ግን አስባለሁ፣ ጠያቂው ማን ነበር? እሱ ራሱ። ስንቱ ከልቡ ነው፣ ስንቱስ ተመስገን ያለ ነው?

ምናልባት ልሂድ። እሑድ ጀልባ አለ። ግን መጠይቁ ላይ ስም የለም፣ ኮድ ነው፣ ምስጢር ነው ብለን ቃል ገብተናል። የቀበሌው ሰው ሳይኖር ከሄድኩ ጎረቤት «ይቺ ደግሞ ምን ፈልጋ መጣች?» ይላል። እና ሄጄ ምን ልል ነው? ስምዎ አይጠራም? እስካሁን ሳይጠብቁ ቀርተው ይሆናል፣ እኔ ሄጄ ላስታውሳቸው? ለእሳቸው ነው የምሄደው ወይስ እኔ እንዲቀለኝ? አላውቅም። ልጅቷም ቅዳሜ ትመጣለች፣ መልሱን በትክክል እንዳልሰጠኋት ልነግራት ይገባል። ወይ ይሄንን ትሰማው ይሆናል። ከሰማሽው... ቅዳሜ እናውራ።

አንድ ነገር ረሳሁ። ስንነሣ እማማ «ባዶ እጅሽን?» ብለው ሎሚ ሰጡኝ። አራት ሎሚ። የሚጠቀልሉበት ፈለጉና እኔ የተውኩላቸውን ወረቀት አነሡ። ለተሳታፊው የሚቀረውን ቅጂ። ጥያቄ ካለዎት ወይም ሐሳብዎን ከቀየሩ በዚህ ስልክ ይደውሉ የሚለውን። ማንበብ አይችሉም፣ ለእሳቸው ጥሩ ጠንካራ ወረቀት ነው። ሎሚዎቹን ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፣ እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ። ጀልባው ላይ ስፈታው ነው ያየሁት።

አለ እኮ፣ እዚህ መሳቢያው ውስጥ ነው። ቆይ... ይኸው። ሎሚው የነካው ቦታ ቢጫ ሆኗል። ስልክ ቁጥሩ ግን ይነበባል። እሳቸው ጋ ይቀራል የተባለው ቁጥር፣ እኔ ጋ...

ዶሮው ደግሞ ጀመረ። ቆይ፣ መስኮቱን...