ጉልበት እንዳይከዳ፦ ለእናቶችና ለአባቶች የሚዛን እንቅስቃሴ

[ምስል፦ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። አንዲት እናት ምርኩዝ ይዘው ቁልቁለት ይወርዳሉ።]

ደሴ ላይ ሜዳ መንገድ ብርቅ ነው። ገበያ ለመሄድም ሆነ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ አቀበት መውጣት፣ ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው። ለአረጋውያን ይበልጥ የሚያሰጋው ደግሞ ቁልቁለቱ ነው። አቀበት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ቁልቁለት ላይ ግን የጭን ጡንቻ በየእርምጃው የሰውነትን ክብደት ይዞ ቀስ አድርጎ ማውረድ አለበት። ያ ጡንቻ ከሳሳ ጉልበት ይከዳል።

ቀጥ ብለን የምንቆመው ዓይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ እንዲሁም ከእግርና ከመገጣጠሚያ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ሲተባበሩ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሦስቱም ይደክማሉ። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ትልልቅ ሰዎች የሚንገዳገዱት፣ ዓይን ሲጋረድ የቀሩት ሁለቱ ሸክሙን ስለማይችሉት ነው።

ጡንቻ የሚሳሳው ግን በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ በመቀመጥም ነው። ልጆች ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ትልቅ ሰው ብድግ ሲል «ኧረ ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ» ማለት የወሎ ጨዋነት ነው፤ ያማረ ወግ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ መደብ ላይ የሚውሉ እናት እግራቸው እየዛለ ይሄዳል። ውሃውን ራሳቸው ይቅዱ፤ እናንተ አጠገባቸው ቁሙ።

[ምስል፦ ግድግዳ የተደገፈ ወንበር።]

ከሁሉም የማስቀድመው ከወንበር መነሳትና መቀመጥን ነው። ወንበሩ እንዳይንሸራተት ግድግዳ አስደግፉት። ለጀማሪ በርጩማ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ያለ ይሁን። ተረከዛችሁን ወደ ወንበሩ ሳብ አድርጉ፤ ደረታችሁን ወደ ፊት ዘንበል አድርጋችሁ ተነሱ። ካስፈለገ በእጅ ተደገፉ። ስትቀመጡ ዱብ አትበሉ፤ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ውረዱ። ቁልቁለት ላይ የሚይዛችሁን ጡንቻ የሚያጠነክረው ይህ ቀስ ያለ አወራረድ ነው። በ5 ጀምሩ፤ ሲለመድ 10 አድርሱት።

መቼ? ቡናው አለ። አቦል ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ መነሳትና መቀመጡን ሥሩ። ከቶና እስከ በረካ ደግሞ ግድግዳ አጠገብ ቁሙና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣቶች ፊት ግጠሙት፤ 10 ሰከንድ ቆይታችሁ እግር ቀይሩ። መጀመሪያ መዳፋችሁ ግድግዳው ላይ ይሁን፣ ቀጥሎ አንድ ጣት ብቻ። ትንሽ ብትወዛወዙ አብሽሩ፤ ሰውነት ሚዛን የሚማረው ያኔ ነው። ሰው ግን ከአጠገባችሁ አይጥፋ።

ግድግዳ ይዞ በጎን መራመድና በጣቶች ቆሞ ተረከዝ ማንሳትም ይጠቅማል። ሸርተት የሚል ነጠላ ጫማ አውልቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሚዛንና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ እንዲህ ያለው ልምምድ የመውደቅን ብዛት በሩብ ገደማ ይቀንሳል።

[ምስል፦ አንድ አባት ከአልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው።]

ብድግ ሲሉ የሚያዞራችሁ፣ በቅርቡ የወደቃችሁ ወይም ደረታችሁን የሚያማችሁ አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የደም ግፊት መድኃኒት ሊያዞር ይችላል፤ በራሳችሁ አታቋርጡት፣ ለባለሙያው ንገሩት። በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ ውሃ ሳትጠጡ በዋላችሁበት ሰዓት አትሥሩ፤ ካፈጠራችሁና ከጠጣችሁ በኋላ ይሁን። ጠዋት ስትነሱም አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ተቀምጣችሁ፣ እግራችሁን አንቀሳቅሳችሁ ተነሱ።