ጡረታ የወጣች ጀበና፦ የብሪስልኖዝ ጫጩቶችን ማሳደግ

[ምስል፦ ጨለማ ክፍል፣ የስልክ ባትሪ ብርሃን፤ አኳሪየም ውስጥ የተጋደመች አንገተ ሰባራ ጀበና]

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይህች የምታይዋት ጀበና ቡና ከማፍላት ጡረታ ወጥታለች። አንገቷ ሲሰበር እናቴ ልትጥላት ነበር። ተቀበልኳትና ደጋግሜ አጠብኳት፣ ስለት የሆነውን አፏን በድንጋይ ሞርጄ አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ቤት) ውስጥ አስተኛኋት። ዛሬ ሆዷ ውስጥ 60 የሚጠጉ የዓሣ ጫጩቶች አሉ። ጅማ ውስጥ ጀበና ባዶ አይውልም።

ዓሣው ብሪስልኖዝ ይባላል። የኛ አምባዛ የሩቅ ዘመድ ነው፤ አገሩ ግን ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። አድጎ አድጎ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። አፉ ከሥር ስለሆነ መስታወት ላይ ተለጥፎ አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር፣ ሲግጥ ይውላል። ወንዱ አፍንጫው ላይ ቅርንጫፍ ያለው ጺም ያበቅላል።

[ምስል፦ አባትየው የጀበናዋን አፍ ዘግቶ ክንፉን ሲያርገበግብ]

እንቁላል የሚጠብቀው አባት ነው። እናትየው ጥላ ከወጣች ዞር ብላም አታይ። እሱ ግን በሩን በገላው ዘግቶ ቀን ከሌት በክንፉ ያራግባል። እንቁላሎቹ ኦክስጅን እንዲያገኙና ሻጋታ እንዳይበላቸው ነው። ውሃው 26 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በ5 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ፤ ከቀዘቀዘ ይዘገያሉ።

ሲፈለፈሉ ዓሣ አይመስሉም። ምስር ክክ ላይ ጭራ የተቀጠለ ነው የሚመስሉት። ያቺ ብርቱካንማ ከረጢት ስንቃቸው ናት። ስንቁ እስኪያልቅ፣ ማለትም ከ4 እስከ 6 ቀን፣ ምንም አትስጧቸው። አባታቸውንም አትረብሹት።

እኔ የተበላሁት እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሲፈለፈሉ «በረሃብ ሊያልቁብኝ ነው» ብዬ በሁለተኛው ቀን መኖ ፈጭቼ ነሰነስኩ። ማን ይብላው? ዱቄቱ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሸተተ። በማግሥቱ ውሃው አጥሚት መሰለ። በሦስተኛው ቀን ስቆጥር 11 ቀርተዋል።

የገደላቸው አሞኒያ ነው። የበሰበሰ መኖና የዓሣ ኩስ አሞኒያ ያወጣሉ። ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፤ ናይትሬት እስኪበዛ ድረስ ብዙ አይጎዳም። ስለዚህ ጫጩቶቹ ከጀበናዋ ሲወጡ ወደ ትንሽ አኳሪየም የምታዛውሯቸው ከሆነ፣ ከትልቁ አኳሪየም የቆየ የስፖንጅ ፊልተር ይዛችሁ ሂዱ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል። ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። ሌላ ዓይነት ፊልተር ካላችሁ መምጠጫ አፉን በስቶኪንግ እሰሩት፤ አለበለዚያ ልጆቹን ይውጣቸዋል።

[ምስል፦ ሻማ፤ ጋቢ የለበሰ አኳሪየም]

አሁን ወደ ጅማ ጉዳይ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ቆላ ላለ ሰው የአየር ፓምፕ ቅንጦት ሊሆን ይችላል፣ ለኛ ግን ግዴታ ነው። በዚያ ላይ መብራት አለ። ማለቴ፣ የለም። መብራት ሲሄድ ሁለት ነገር አብሮ ይሄዳል፦ አየርና ሙቀት። ለአየሩ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ያዙ። እሱም ከሌለ በኩባያ ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ለሙቀቱ እኔ ጋቢ አለብሳለሁ። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ በሚበርድበት ጊዜ። ላዩን ግን ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑት፣ አየር ይግባበት።

ውሃውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ቀይሩ። የቧንቧውን ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ አፉን ሳትከድኑ አንድ ቀን አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ተንኖ ይወጣል። በኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ማሳደሩ ልማድ ነው፣ አልተቸገርኩም። የምትጨምሩት ውሃ የአኳሪየሙን ያህል ለብ ይበል። የጅማ ዝናብ ሞልቶ ለምን ውሃ ትገዛለህ የሚሉኝ አሉ። ከቆርቆሮ የወረደ ዝናብ ዚንክ ሊይዝ ይችላል፣ ዚንክ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። አልሞክረውም።

[ምስል፦ ድስት፣ የዝኩኒ ቁራጭ፣ የጎመን ቅጠል]

ስንቃቸው ሲያልቅ ግን ነገር ይገለበጣል። ቀን ከሌት ይበላሉ። ፆም አያውቁም። ዝኩኒ፣ ኪያር፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ሁሉንም ይግጣሉ። ቅመምና ዘይት ሳይነካው በፈላ ውሃ ለብለብ አድርጉና አቀዝቅዙ። እንዲሰምጥ ሹካ ውጉበት። ማታ የገባው ጎመን ጠዋት ይውጣ፤ አንድ ቀን ሙሉ ካደረ ውሃውን ያበላሻል።

እንጨትም ይግጣሉ። እኔ መድኃኒት ያልተረጨበት አሮጌ የቡና ጉቶ ቀቅዬ፣ ለሳምንታት ዘፍዝፌ አስገብቻለሁ። ውሃውን ቀጭን ሻይ ያስመስለዋል፤ አይጎዳም። ላዩ ላይ የሚያበቅለውን ዝልግልግ ነገር ልጆቹ ይወዱታል። ባሕር ዛፍ ግን አታስገቡ፣ ዘይት አለው።

ጠግበው እንደሆነ በምን ይታወቃል? መስታወቱ ላይ ሲለጠፉ ሆዳቸውን እዩ። ደህና የሆነው ክብ ነው፤ ጎመን የበላው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሆዱ ወደ ውስጥ ከገባ ምግብ አልደረሰውም ማለት ነው። ቁራጮቹን በአንድ ጥግ ብቻ ሳይሆን በሁለት ሦስት ቦታ በትኑ።

ወለሉን በቀጭን ቱቦ ስትጠርጉ የቀዳችሁትን ውሃ ወዲያው እንዳትደፉ። ባልዲው ነጭ ይሁንና ባትሪ አብሩበት። እኔ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ልጅ አገኛለሁ፤ በማንኪያ ይመለሳሉ።

[ምስል፦ ማስመሪያ አጠገብ ተለጥፎ የሚታይ ትንሽ ዓሣ]

በሁለት ወር 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳሉ። ያኔ ለጓደኛ መስጠት ይቻላል። የሚወስድ ከጠፋ ደውሉልኝ እንጂ አዌቱ ወንዝ አትልቀቋቸው፤ የባዕድ አገር ዓሣ ናቸው። ደግሞ «ወንዱን ስጠኝ» የሚል አይጠፋም። ጺሙ የሚወጣው ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። እስከዚያ እኔም አላውቀው።