ኮምፕረሰሩ ወረደ፤ ቺንጋው በየት በኩል ይዙር?

ቤዛ፦ የናፍጣ መኪና ላይ የኤሲ፣ ማለትም የአየር ማቀዝቀዣው፣ ኮምፕረሰር ነክሶ አልዞር ሲል ወይም አያስፈልግም ተብሎ ይወርዳል። ቺንጋው፣ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ግን አንድ ነው፤ ዲናሞውንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ የመሪውንም ፓምፕ የሚያዞረው እሱው ነው። ጋሽ ደረጀ፣ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ አጭር ቺንጋ ፍለጋ ነው የሚሄደው።

ደረጀ፦ ርዝመቱ የመጨረሻው ጥያቄ ነው ልጄ። መጀመሪያ አዟዟሩን ማየት ነው። ይሄ ቺንጋ አንዱ ፊቱ በቁመቱ መስመር መስመር አለው፣ ጀርባው ልሙጥ ነው። በመስመሩ ፊት የሚነዳ ፑሊ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ማለት ነው፣ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞራል። በጀርባው የሚነዳው ግን በተቃራኒው።

ቤዛ፦ የውሃ ፓምፑ ደግሞ ብዙ ሞተር ላይ በጀርባው ነው የሚነዳው።

ደረጀ፦ አዎ። እንግዲህ መንገዱ ተቀይሮ ፓምፑ በሌላኛው ፊት ከተያዘ ወደ ኋላ ይዞራል። ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁም ደህና ነው። ውሃው ግን በሚገባ አይዘዋወርም፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር ሙቀቱ ይወጣል። ሰውየው ቴርሞስታት ይቀይራል፣ ራዲያተር ያሳጥባል። አዟዟሩን የሚያይለት የለም፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ቤዛ፦ እሺ፣ አቅጣጫው ልክ ነው እንበል። ከዚያስ?

ደረጀ፦ ቺንጋው ፑሊውን ምን ያህል አቅፎታል? ኮምፕረሰሩ እዚያ ሲቀመጥ ቺንጋውን ወደ ጎን ስቦ ዲናሞው ላይ በደንብ እንዲጠመጠም ያደርግ ነበር። ሲነሳ ቺንጋው ቀጥ ይልና ዲናሞውን ጫፉን ነክቶ ያልፋል። የዲናሞ ፑሊ ትንሽ ነው፣ ሸክሙ ግን ከባድ። በዚያ ላይ ናፍጣ ሞተር በእያንዳንዱ ፍንዳታ የክራንኩ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ስለሚል ቺንጋው ይርገበገባል። ጠዋት ሞተሩ እንደተነሳ፣ ባትሪው ቻርጅ ሲፈልግ፣ ያኔ ይጮሃል።

ቤዛ፦ ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘውን ክንድ፣ ወጣሪውን፣ አዙሮ ሌላ ቦታ ማሰርስ?

ደረጀ፦ ቦታውን አትንኪ። ወጣሪው በላላው በኩል ነው መሆን ያለበት፤ ቺንጋው ከክራንኩ ወጥቶ በሚሄድበት በኩል ማለት ነው። ክራንኩ ወደ ራሱ በሚስበው በኩል ከሆነ፣ ሸክም በመጣ ቁጥር ክንዱ ይነሳና ሌላው ወገን ይላላል።

ቤዛ፦ ታዲያ እርስዎ የሚመርጡት የቱን ነው?

ደረጀ፦ መንገዱን እንዳለ መተው። በወረደው ዕቃ ቦታ ኩሽኔታ ያለው ባዶ ፑሊ ይታሰራል። የክቡ ስፋትም (ዲያሜትሩ)፣ አሰላለፉም የድሮውን ከያዘ ቺንጋው ያው የፋብሪካው ሆኖ ይቀጥላል። እንዲያውም ፑሊውን ከኮምፕረሰሩ ጋር የሚያያይዘው ክላች ካልያዘ ፑሊው በራሱ ኩሽኔታ ባዶውን ነው የሚዞረው። ኩሽኔታው ጤነኛ ከሆነ ለምን ይወርዳል? ጋዝ ባይኖረውም እዚያው ይቀመጥ።

ቤዛ፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሞተር ላይ ቫኪዩም ፓምፑም፣ አየር መጥጦ የሚያወጣው፣ በዚሁ ቺንጋ ነው የሚዞረው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በአየር መሳቢያው በኩል በቂ ቫኪዩም አይፈጥርም። ያ ፓምፕ የፍሬኑን ማገዣ የሚመግብ ከሆነ ሲወርድ ፔዳሉ ይደርቃል።

ደረጀ፦ እሱማ በፍጹም አይወርድም! ምን እንደሚመግብ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ተከትሎ ሳያዩ መፍቻ ማንሳት የለም።

ቤዛ፦ ባዶ ፑሊ ማሰሪያ ቦታ ጠፍቶ አጭር ቺንጋ ግድ ከሆነስ?

ደረጀ፦ አዲሱን መንገድ ወረቀት ላይ ሥሪው፤ በእያንዳንዱ ፑሊ ላይ የድሮውንም የአዲሱንም አቅጣጫ በቀስት አሳዪ። አንዱ ቀስት እንኳ ከተገለበጠ ያ መንገድ አይሆንም። ካለፈ ወጣሪውን መሃል ላይ ይዘሽ በማይለጠጥ ገመድ ለኪ። ቺንጋው ላይ 8ፒኬ2080 የሚል ካየሽ 8 መስመር፣ 2080 ሚሊሜትር ማለት ነው። ገመዱ ግምት ብቻ ነው የሚሰጥሽ፤ የሚፈርደው የወጣሪው ምልክት ነው። ቺንጋው ገብቶ ጠቋሚው ከሁለቱ ጭረቶች መሃል ካልሆነ ሌላ ርዝመት ይሞከራል። የመስመሩን ቁጥር ግን አትቀንሺ።

ቤዛ፦ ሁለቱ የቺንጋ ክፍሎች ቆመው ሳይነካኩ፣ ሞተሩ ሲነሳ ተርገብግበው የሚፋተጉም አሉ።

ደረጀ፦ ለዚህ ነው መጀመሪያ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ማዞር፣ ከዚያ አስነስቶ ራቅ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው። መብራቱንም ማራገቢያውንም አብርተሽ ባትሪው ላይ ለኪ። በ12 ቮልቱ ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ፣ በ24ቱ ወደ 28 ከሆነ ዲናሞው እየተነዳ ነው።

ቤዛ፦ ከጮኸ ቅባት የሚረጩበት አሉ።

ደረጀ፦ ኧረ አይሆንም! ቅባቱ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ ምክንያቱንም ይሸፍናል። እጅሽንም ልብስሽንም አርቀሽ በመስመሩ ፊት ላይ ትንሽ ውሃ እርጪ። ጩኸቱ ለጊዜው ከጠፋ ፑሊዎቹ አልተስተካከሉም። ከባሰበት ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፤ ወደ ወጣሪውና ወደ እቅፉ ተመለሺ።