የድሮ አሜሪካ መኪና ለምትወዱ ሁሉ፣ ስለ ፍሬኑም እናውራ

(ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመኪና ወዳጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ውድ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ውጪ የቆሙትን መኪኖች ዞር ዞር ብላችሁ እንዳያችሁ እርግጠኛ ነኝ። ልጆቹ ለወራት ለፍተውባቸዋል። ክሮሙ ያበራል፣ ቀለሙ ፊት ያሳያል። ኮፈኑ ሲከፈት ደግሞ ሞተሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዛሬን አዲስ መኪና ከፍታችሁ ሞተሩን ብትፈልጉ የሚቀበላችሁ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ነው። በድሮዎቹ ግን ካርቡራተሩም፣ ካንዴላውም፣ ቺንጋውም እጅ የሚያስገባ ቦታ አላቸው። ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ለዚህ ብቻ እንኳ እወዳቸዋለሁ።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከፍቅር ተነስቼ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ሞልቶ ነበር፣ ነዳጅም ርካሽ ነበር። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኙ ፈጣን አውራ ጎዳናዎች እንዲሠሩ ሕግ ፈረሙ። የመኪና ፋብሪካዎቹ ከተማ ዲትሮይትም ለዚያ መንገድ የሚመጥን መኪና ማውጣት ያዘች። ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ የመኪናውን ቅርጽ የሚወስነው ሃርሊ አርል የሚባል ሰው ነበር። ፒ-38 የተባለው የጦር አውሮፕላን ጭራ ልቡን ማረከው። በ1948ቱ ካዲላክ ላይ ከኋላ በኩል ትንሽ ክንፍ ብቅ አለች። እስከ 1959 ድረስ ክንፏ እያደገች ሄዳ፣ መኪናው የሚበር እስኪመስል ደረሰ። ጥቅም አልነበራትም። ለዓይን ብቻ ነበረች። ለዓይን ተብሎ እንዲህ የተደከመበት ዕቃ ዛሬ ብዙ አላይም።

ቀጥሎ የመጣው የጉልበት ዘመን ነው። በ1964 የጄኔራል ሞተርስ አንዱ ክፍል የሆነው ፖንቲያክ ጂቲኦ የሚባለውን መኪና አወጣ። ታሪኩ ደስ ይላል። ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መጠን ያላቸው መኪኖቹ ላይ ትልቅ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ መሐንዲሶች መላ ዘየዱ፤ ጆን ዴሎሪያን አንዱ ነበር። 6.4 ሊትር የሆነውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ገዢው ከፈለገ የሚጨመር ዕቃ ነው ብለው፣ ቴምፔስት በሚባለው መኪና ላይ ገጠሙት። 325 የፈረስ ጉልበት! 5 ሺህ ያህል ይሸጣል ተብሎ ነበር የታሰበው። በመጀመሪያው ዓመት ከ32 ሺህ በላይ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 ፎርድ ማስታንግን ኒውዮርክ ላይ አስመረቀ። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22 ሺህ ያህል ትዕዛዝ ጎረፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሚሊዮንኛው ማስታንግ ከፋብሪካ ወጣ።

ዲትሮይት ውስጥ ውድዋርድ የሚባል ረጅምና ሰፊ ጎዳና አለ። በዚያ ዘመን ማታ ማታ ወጣቱ ከአንዱ መብራት እስከ ሌላው መብራት ይሽቀዳደምበት ነበር። የፋብሪካዎቹ መሐንዲሶች ሳይቀሩ ሠርተው የጨረሱትን እዚያ አምጥተው ይሞክሩት ነበር። ዛሬም በየዓመቱ ኦገስት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የድሮ መኪኖች ይሰለፉበታል። ዕድሉን ያገኘ ሰው ሄዶ ይየው።

አሁን ስለ ፍጥነቱ እውነቱን እንነጋገር። የ1970 ሼቭሮሌት ሼቨል፣ ባለ 7.4 ሊትሩ፣ 450 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ተሸጠ። በዚያን ጊዜ ግን ጉልበት የሚለካው ሞተሩ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። የመኪናው ጭስ ማውጫ የለም፣ ጄኔሬተሩ የለም፣ ማቀዝቀዣው የለም። አምራቾቹ ሞተሩን ከነ ሙሉ ዕቃው መለካት የጀመሩት በ1972 አካባቢ ነው፤ ያኔ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወረደ። ያ ሼቨል ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ 6 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በቅርብ ዓመታት የወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደር ቶዮታ ካምሪም ከዚያ አይዘገይም። አዎ፣ እናታችሁ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ካምሪ!

ታዲያ ሼቨሉ ለምን እንደዚያ የሚከንፍ ይመስለናል? ድምፁ ደረት ውስጥ ስለሚገባ ነው። ነዳጅ ስትሰጡት አፍንጫውን ቀና ስለሚያደርግ ነው። መሪው ቀጭንና ሰፊ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ የቤንዚኑ ሽታ አለ። 40 ማይል ላይ የሚሰማችሁ ስሜት በካምሪ 80 ላይ የለም። ይሄ ውሸት አይደለም፤ የድሮ መኪና ትልቁ ስጦታው ይሄ ይመስለኛል። ለመደሰት መብረር አያስፈልግም።

መብረር ለሚፈልግ ግን ማቆሚያው የት አለ? ያ የመጀመሪያው ጂቲኦ በአራቱም እግሩ ታምቡር ፍሬን ነበረው። ታምቡር ዝግ ነው፣ ሙቀቱ እንደ ልብ አይወጣም። ደጋግማችሁ ፍሬን ስትይዙ ታምቡሩን ከውስጥ እየተጫነ የሚያቆመው ሸራ ይግላል። ፔዳሉን ትረግጣላችሁ፣ መኪናው ግን መሄዱን አይተውም። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ጭነት ይዞ የወረደ ሹፌር ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሌላም አለ። እስከ 1966 ድረስ አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች የፍሬን ዘይታቸው በአንድ መስመር ነበር የሚሄደው። አንዲት ቱቦ ብትበሳ አራቱም ጎማ ፍሬን አጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ጋራዥ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። «ድሮ መኪናው ብረት ነበር። የአሁኑ ቆርቆሮ ነው፣ ፕላስቲክ ነው። ቢጋጩ ድምጥማጡ የሚጠፋው የአሁኑ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ታላላቆቻችን ናቸው፣ አክብረን እንሰማለን። ልጆችም ከእነሱ ሰምተው አምነውታል። ግን ይሄ ነገር ተሞክሯል።

የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በ1959 ያቋቋሙት አንድ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም አለ። በ2009፣ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ሁለት ሼቭሮሌቶችን ፊት ለፊት አጋጨ። አንዱ የ1959 ቤል ኤር ነው፣ ሌላው የ2009 ማሊቡ። ክብደታቸው ይቀራረባል። ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ፣ በሹፌሩ በኩል ባለው የፊታቸው ክፍል ተላተሙ። ውስጣቸው የሰው አሻንጉሊት ነበር።

ቪዲዮውን ያላያችሁ እዩት። የቤል ኤሩ ፊት ግጭቱን አልያዘውም። ጉልበቱ በቀጥታ ሰው ወደሚቀመጥበት ክፍል ገባ። የጣሪያው የፊት ምሰሶ ታጠፈ። ዳሽቦርዱና መሪው ወደ ሹፌሩ ተገፉ። የማሊቡ ኮፈን ደቀቀ፣ ፓራፋንጎው ተጨረማመተ፣ ሹፌሩ የተቀመጠበት ክፍል ግን ቅርጹን አልቀየረም። የተቋሙ ባለሙያዎች ፍርድ ግልጽ ነበር። በእውነተኛ አደጋ ቢሆን የቤል ኤሩ ሹፌር ይሞት ነበር። የማሊቡው እግሩ ላይ ቀላል ጉዳት ደርሶበት ይወጣ ነበር።

ቪዲዮው እንደወጣ ብዙ ሰው አላመነም። «ሞተር አልነበረውም» ተባለ፣ «ዝገት የበላው ነበር» ተባለ። ሞተሩ ነበረበት። የቤል ኤር ችግሩ አሠራሩ ነው። ከሥሩ ያለው ሻንሲ እንደ ኤክስ ፊደል የተሠራ ነው፣ መሐሉ ጠባብ ነው። በጎን በኩል ግጭቱን የሚሸከም ጠንካራ ብረት የለውም።

እንቁላል ገበያ የሚወስድ ሰው ጭድ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ብረት ሣጥን ውስጥ ባዶውን ቢያንከባልለው ሣጥኑ ይተርፋል፣ እንቁላሉ ያልቃል። የዛሬ መኪና ፊቱ የሚጨማደደው ለዚህ ነው። ሆን ተብሎ ነው። ብረቱ እየታጠፈ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ እናንተ የምትቆሙበትን ጊዜ በጥቂቱ ያረዝማል። የዚያች የሰከንድ ሽራፊ ዋጋዋ ሕይወት ነው። ከጀርባው ያለው ክፍል ደግሞ እንዳይታጠፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። በድሮዎቹ በተቃራኒው የመሪው ዘንግ ከፊት ተነስቶ እስከ ሹፌሩ ደረት ድረስ አንድ ወጥ ብረት ነው። ፊቱ ሲገፋ ዘንጉም ይገፋል። ስንቱን ሰው በደረቱ እንደወጋ አስቡት።

የሚያናድደኝ፣ ይህ ሳይታወቅ ቀርቶ አለመሆኑ ነው። ናሽ የሚባለው ኩባንያ በ1949 ቀበቶ አቅርቦ ነበር። ፎርድም በ1956 ቀበቶና ለስላሳ ዳሽቦርድ አቀረበ። ይህን የገፋው በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ማክናማራ ነበር። ገበያው ግን ወደ ክንፍና ወደ ጉልበት አደላ፣ ዲትሮይትም ደኅንነት አይሸጥም ብላ ተወችው። በ1959 የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ዛሬ ሁላችንም የምናስረውን ትከሻና ወገብ የሚይዝ ቀበቶ ሠራ። ቮልቮ ማንም እንዲጠቀምበት ፈቀደ። አሜሪካ ውስጥ ለመስፋፋት ዓመታት ፈጀበት።

ያነቃት የስደተኛ ልጅ ነው። ራልፍ ኔደር ይባላል፣ ወላጆቹ ከሊባኖስ የመጡ ናቸው። በ1965 የመኪና ኩባንያዎችን የሚከስ መጽሐፍ አሳተመ፣ የሼቭሮሌትን ኮርቬር ጭምር። የሼቭሮሌት ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ሰላይ ቀጥሮ አስከተለው። ነገሩ ሲጋለጥ በማርች 1966 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሮሽ ሴናተሮች ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በሴፕቴምበር ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመኪና ደኅንነት ሕጉን ፈረሙ። ከ1968 ጀምሮ ቀበቶ፣ ሲገፋ የሚታጠፍ የመሪ ዘንግ፣ በሁለት መስመር የሚሠራ ፍሬን ግዴታ ሆኑ። ለኮርቬር ስል አንድ ነገር ልጨምር። በ1972 የወጣ የመንግሥት ጥናት ከዘመኑ መኪኖች የባሰ አይደለም ብሏል። እኔ ይህን ሳነብ ኮርቬር ነፃ ወጣ አልልም፤ ጓደኞቹም እንደዚያው ነበሩ ነው የምለው።

በ1966 አሜሪካ ውስጥ 50 ሺህ ያህል ሰው በመኪና አደጋ ሞተ። መኪኖች በተጓዙት በየ100 ሚሊዮን ማይሉ ከ5 ሰው በላይ ማለት ነው። በ2019 ይህ ስሌት ወደ 1 ሰው ገደማ ወርዷል። መንገዱም፣ ሕክምናውም፣ ጠጥቶ መንዳትን የሚቀጣው ሕግም ድርሻ አላቸው። የመኪናው ድርሻ ግን ትልቅ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዲሲ ታክሲ ነድታችሁ ልጅ ያሳደጋችሁ ብዙ ናችሁ። ካፕሪስ፣ ክራውን ቪክቶሪያ፣ ሊንከን ታውን ካር። የክራውን ቪክቶሪያው የመጨረሻ ምርት በ2011 ከፋብሪካ ሲወጣ ያዘናችሁ አውቃለሁ። ሰፊ ነበር፣ የማይሰበር ነበር፣ በሌሊት ሥራ የማያሳፍር ነበር። ልጆቻችሁ ዛሬ የድሮ አሜሪካ መኪና ሲወዱ ፍቅሩ ከዚያ የኋላ ወንበር የጀመረ ይመስለኛል። ኩባ የተማራችሁም አላችሁ፤ ሃቫና ውስጥ የ50ዎቹ ሼቭሮሌት እስከ ዛሬ ሰው ሲያመላልስ አይታችኋል። ብልሃተኛ መካኒክ ምን ማድረግ እንደሚችል ከእነሱ በላይ ያሳየ የለም።

እናንተ ልጆች፣ እነዚህን መኪኖች አትሽጡ፣ ጋራዥ ውስጥ ሸፍናችሁም አታስቀምጧቸው። ንዷቸው። ግን ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ፍሬኑን ሥሩ። የፊት ጎማዎቹን ፍሬን ሙቀቱ እንደ ልብ ወደሚወጣለት ዲስክ ፍሬን ቀይሩ፣ ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ፓምፕ ግጠሙ። መኪናው ኦርጂናል አይሆንም ብሎ የሚከራከር አለ። ይከራከር! ጎማውን ጥርሱን ብቻ አትዩ፣ የተሠራበትን ዓመት ጎኑ ላይ አንብቡ። የቆመ መኪና ጎማ ሳያልቅ ያረጃል። ማስታንግ ያላችሁ ደግሞ ከኋላ ምንጣፉን አንሱት። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት መኪኖች የነዳጅ ጋኑ ጣሪያ ራሱ የሻንጣ ማስቀመጫው ወለል ነው። በጋኑና በኋላ ወንበሩ መካከል ይህ ነው የሚባል መከላከያ የለም። የብረት ግድግዳ ማስገባት ከባድ ሥራ አይደለም።

ቀበቶ በስስ ቆርቆሮ ላይ በብሎን አይታሰርም፤ ከሥሩ ወፍራም ብረት ተበይዶ መታሰር አለበት። ቀበቶ በሌለው መኪና ሕፃን አይጫንም። ለሰርግም ቢሆን፣ ለአንድ መንገድም ቢሆን አይጫንም። እናቶች፣ በዚህ ላይ ልጆቹ ቢለምኗችሁም እሺ አትበሉ።

የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ጋራዥ እንገኛለን። መኪናችሁን አምጡ፣ ወደ ላይ አንስተን የፍሬኑን ቱቦ፣ ሸራውን፣ የቀበቶውን ማሰሪያ አብረን እናያለን። የእጅ ዋጋ አንጠይቅም። ዕቃ የሚያስፈልገው ካለ የት እንደሚገኝ እንነግራችኋለን። ብየዳ የሚችል ሰው ካለ ከስብሰባው በኋላ ያናግረኝ፣ እጅ ያጥረናል።

ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።